ዕቁብ ቀድሞ የደረሰው ቡድን፦ ዋሽንግተን ናሽናልስ የ2019 ወርዋሪዎቹን እንዴት ሰበሰበ?

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤ በዚህ የቅዳሜ ምሽት ልጆቻችሁን ይዛችሁ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ቤዝቦል በአማርኛ እንድናገር ስጠየቅ ደስ ያለኝ ጉዳዩን ለብዙ ዓመታት በልቤ ይዤው ስለኖርኩ ነው። በዋሽንግተን ታክሲ በነዳሁባቸው ዓመታት፣ ጨዋታ ባለበት ምሽት ኔቪ ያርድ ካለው ስታዲየም የሚወጣውን ሰው እየጫንኩ፣ ተሳፋሪ በሌለበት ሰዓት ደግሞ የሬዲዮውን ስርጭት እየሰማሁ፣ መጀመሪያ ምንም ያልገባኝን ጨዋታ ቀስ በቀስ ተረዳሁት። ልጆቻችን በትምህርት ቤት የሚያወሩትን፣ ጎረቤቶቻችን በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሚከራከሩበትን ነገር እኛም በራሳችን ቋንቋ ልንመረምረው እንደሚገባ አምናለሁ።

የዛሬው ርእሴ ጠባብ ነው። አንድ የቤዝቦል ቡድን ኳስ ወርዋሪዎቹን ከየት ያመጣል? ምን ከፍሎስ? ለዚህ ጥያቄ የከተማችን ቡድን የዋሽንግተን ናሽናልስ ታሪክ፣ በተለይም ከ2009 እስከ 2019 ያለው አሥር ዓመትና ከዚያ በኋላ የመጣው ጊዜ፣ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ የተሻለ ነው። ልናገር የምፈልገው ነገር አንድ ነው፤ ወርዋሪ በዋናነት የሚገኝባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ዋጋ ያስከፍላሉ፤ ነገር ግን ዋጋው የሚከፈለው በተለያየ ነገርና በተለያየ ጊዜ ነው። ናሽናልስ ዋንጫውን ያነሣው በሦስቱም መንገድ ሄዶ ሲሆን፣ ከሂሳቡ ብዙው የመጣው ከዋንጫው በኋላ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለጨዋታው አዲስ ለሆናችሁ ጥቂት ልበል። ወርዋሪው፣ ማለትም ፒቸር የሚባለው ተጫዋች፣ ከመቺው 18 ሜትር ተኩል ገደማ ርቆ ከፍ ካለች የአፈር ጉብታ ላይ ቆሞ ኳሷን ይወረውራል፤ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ የሚፈጥን ውርወራ ዛሬ የተለመደ ነው። አንድ ጨዋታ ዘጠኝ ኢኒንግ፣ ማለትም ሁለቱም ቡድኖች በተራ የሚመቱበት ዙር፣ አለው፤ በመደበኛው የውድድር ወቅት አንድ ቡድን 162 ጨዋታ ስለሚያደርግ ከጸደይ እስከ መጸው በየቀኑ ይጫወታል ማለት ይቻላል። ሌላው ተጫዋች በየቀኑ ሊሰለፍ ሲችል ወርዋሪው አይችልም፤ ክንዱ አይፈቅድለትም። የማራቶን ሯጭ በዓመት ከሁለት ወይም ከሦስት ጊዜ በላይ ለምን እንደማይሮጥ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ የወርዋሪውም ነገር እንደዚያው ነው። ስለዚህ ጨዋታውን የሚጀምሩት ስታርተሮች አብዛኛውን ጊዜ አምስት ሆነው በየተራ በአምስት ቀን አንድ ጊዜ ይወረውራሉ፤ እነሱ ሲደክሙ የሚተኳቸው፣ በአንድ ላይ ቡልፔን የሚባሉት ተለዋጭ ወርዋሪዎች ደግሞ ቀሪዎቹን ኢኒንጎች ይጨርሳሉ።

ክንድ ይበጠሳል። በክርን ውስጠኛ ጎን ያለው ጅማት ይህን ሁሉ ፍጥነት ለመሸከም የተፈጠረ አይደለም። በ1974 ሐኪሙ ፍራንክ ጆብ የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ወርዋሪ የነበረውን የቶሚ ጆንን የተበጠሰ የክርን ጅማት ከሌላ የሰውነቱ ክፍል በተወሰደ ጅማት ተክቶ እስከጠገነበት ቀን ድረስ እንዲህ ያለ ጉዳት የሥራ ፍጻሜ ነበር። ዛሬ ቀዶ ጥገናው በበሽተኛው ስም ቶሚ ጆን ይባላል፤ ወርዋሪውም ከአንድ ዓመት በላይ ከሜዳ ርቆ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ይህን ጅማት አስታውሱት፤ በምነግራችሁ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል።

አሁን ወደ መንገዶቹ እንምጣ። ድራፍት ማለት ቡድኖች በተራ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና የኮሌጅ ወጣቶችን የሚመርጡበት ሥርዓት ሲሆን የተጀመረው በ1965 ነው፤ ባለፈው ዓመት ደካማ የነበረ ቡድን ቀድሞ እንዲመርጥ ታስቦ የተሠራ ነው። ትሬድ ማለት የአንዱን ቡድን ተጫዋች ለሌላው ሰጥቶ በምትኩ መቀበል ነው። ፍሪ ኤጀንት የሚባለው ደግሞ በከፍተኛው ሊግ ስድስት ዓመት ያገለገለና ውሉ ያለቀ፣ ከፈለገው ቡድን ጋር ሊዋዋል የሚችል ተጫዋች ነው። ይህ መብት ለተጫዋቾች በልመና አልመጣም፤ በ1975 መጨረሻ በግልግል ዳኝነት የተገኘ ሲሆን ጉዳያቸውን ይዘው የተከራከሩት ሁለት ተጫዋቾች፣ አንዲ ሜሰርስሚዝና ዴቭ ማክናሊ፣ ሁለቱም ወርዋሪዎች ነበሩ። ይህ ያጋጣሚ ነገር አይመስለኝም፤ የሥራ ዕድሜው በአንድ ጅማት ላይ የተንጠለጠለ ሰው የላቡን ዋጋ በጊዜው መቀበል እንዳለበት ከሌላው ቀድሞ ይገባዋል። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ከቬኔዙዌላና ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የሚፈረሙ ልጆችም አሉ፤ ያ ግን ራሱን የቻለ ንግግር የሚያስፈልገው ጉዳይ ስለሆነ ዛሬ አልገባበትም።

ናሽናልስ ከሞንትሪያል ተነሥቶ ወደ ዋሽንግተን የመጣው በ2005 ነው። በ2008 አዲሱን ስታዲየም ሲከፍት 59 ጊዜ አሸንፎ 102 ጊዜ ተሸነፈ፤ ከሁሉም ቡድኖች መጨረሻ ነበር። በ2009 ድራፍት የመጀመሪያው ምርጫ የእሱ የሆነው በዚህ ሽንፈት ነው። በዚያ ዓመት የቡድኑን አመራር ገና በተረከበው በማይክ ሪዞ ዘመን ከሳን ዲዬጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተመረጠው ስቲቨን ስትራስበርግ 15.1 ሚሊዮን ዶላር ሲፈረምለት፣ በዚያን ጊዜ ለአንድ አዲስ ተመራጭ ከተሰጠው ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ጁን 8 ቀን 2010 ለመጀመሪያ ጊዜ በፒትስበርግ ላይ ሲሰለፍ በሰባት ኢኒንግ 14 መቺዎችን ሦስት ሦስት ጊዜ አስስቶ ከመምታት ተራቸው አስወጣ። ያን ምሽት ከስታዲየም የጫንኳቸው ሰዎች ድምፃቸው ጠፍቶ በምልክት ነበር መንገድ የሚያሳዩኝ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ጅማቱ ተጎዳ፤ በሴፕቴምበር ቶሚ ጆን ተደረገለት።

ድራፍት የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነው፤ ጊዜ። ገንዘቡ ከሌሎቹ መንገዶች ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ቡድኑም ለስድስት ዓመት ያህል ተጫዋቹን ይይዘዋል፤ ነገር ግን ከእነዚያ ዓመታት ስንቱ በሕክምና እንደሚያልፍ ማንም አያውቅም። በ2012 ናሽናልስ 98 ጨዋታ አሸንፎ ከሁሉም ቡድኖች ቀዳሚ በሆነበት ዓመት፣ ከቀዶ ጥገናው ገና የተመለሰው ስትራስበርግ 159 ኢኒንግ ከወረወረ በኋላ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ እንዲያርፍ ተወሰነ። ለዋንጫው ፍልሚያ አልተሰለፈም፤ ቡድኑም በሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ በጨዋታ ቁጥር 3 ለ 2 ተሸንፎ ወጣ። በመጨረሻው ጨዋታ፣ በዘጠነኛው ኢኒንግ አራት ነጥብ የተቆጠረበት ወርዋሪ ድሩ ስቶረን ነበር፤ ስቶረንም በ2009 ከስትራስበርግ በኋላ በአሥረኛ ቁጥር የተመረጠ ሲሆን፣ ቁጥሯ ለናሽናልስ የደረሰችው ባለፈው ዓመት የመረጡት ሌላ ወርዋሪ አልፈርምም ስላለ በካሳ መልክ ነው። ከተማው በሪዞ ላይ የተቆጣው ቁጣ ለዓመታት አልበረደም። እኔ ያን ጊዜም ዛሬም ሪዞን እደግፋለሁ። በ2011 ሌላው የቡድኑ ወርዋሪ ጆርዳን ዚመርማን ከተመሳሳይ ቀዶ ጥገና ሲመለስ የተደረገለትም ይኸው ነበር፤ የሰው ልጅ ክንድ ለአንድ ኦክቶበር የሚታረድ በግ አይደለም። ጥፋት ካለ ጥፋቱ የቀን አቆጣጠሩ ላይ ነው፤ እረፍቱን በወቅቱ መጀመሪያ ላይ ሰጥተው መጨረሻውን ማዳን ይችሉ ነበር።

ናሽናልስ ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር በእኔ አስተያየት እንደሚገባው አልተወራለትም። በ2012 በ16ኛ ቁጥር ሉካስ ጂዮሊቶን መረጠ፤ የካሊፎርኒያ ልጅ፣ ቁመተ ረጅም፣ በዚያ ዓመት ክርኑ ስለታመመ ሌሎች ቡድኖች የሸሹት። በ2014 በ18ኛ ቁጥር ኤሪክ ፌዲን መረጠ፤ ከምርጫው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ የክርን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ነበር። በ2016 በሦስተኛው ዙር ሄሱስ ሉዛርዶን መረጠ፤ እሱም ከወራት በፊት ቀዶ ጥገና የተደረገለት ተማሪ ነበር። ሦስቱም በጤናቸው ቢሆን ኖሮ ቀድመው በተወሰዱ ነበር። ቡድኑ ብዙ ስላሸነፈ በድራፍት ተራው ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ ስለዚህ ገበያ ላይ የተሰነጠቀውን ገንቦ በርካሽ ገዝቶ መጠገን ጀመረ። ጅማቱ እንደሚጠገን፣ ከጥገናው በኋላም ክንዱ ዋጋ እንደሚያወጣ አምኖ ነው ያንን ያደረገው።

እምነቱ ልክ ነበር፤ ግን ከተጠገኑት ሁለቱ ለዋሽንግተን ብዙ ሳይወረውሩ ሌላ ነገር መግዣ ሆኑ። ትሬድ የሚባለው መንገድ የሚያስከፍለው ነገን ነው። ሪዞ ይህን ቀድሞም ያውቅበታል፤ በ2011 ዲሴምበር አራት ወጣቶች ለኦክላንድ ሰጥቶ ጂዮ ጎንዛሌዝን ሲያመጣ፣ ጎንዛሌዝ በማግስቱ ዓመት 21 ጨዋታ አሸነፈለት። በ2014 መጨረሻ ደግሞ ስቲቨን ሱዛ ወደ ታምፓ ቤይ በሄደበት የሦስት ቡድኖች ልውውጥ ወርዋሪውን ጆ ሮስንና በኋላ የቡድኑ ምሰሶ የሆነውን ትሬ ተርነርን ከሳን ዲዬጎ አገኘ፤ ይህ ከሠራቸው ልውውጦች ሁሉ የተዋጣለት ይመስለኛል። በ2016 ዲሴምበር ያደረገው ግን የሚያስጨንቅ ነበር። ጂዮሊቶን፣ ሬይናልዶ ሎፔዝንና ዴን ደኒንግን፣ ሦስት ወጣት ወርዋሪዎች በአንድ ቀን፣ ለቺካጎ ዋይት ሶክስ ሰጥቶ አንድ የሜዳ ተጫዋች፣ አዳም ኢተንን ተቀበለ። ጂዮሊቶ በ2019 ከምርጥ ወርዋሪዎች ጋር ተሰለፈ፤ በ2020 በአንድ ጨዋታ አንዲት ምት እንኳ ሳይመታበት ዘጠኙንም ኢኒንግ ጨረሰ። በጁላይ 2017 ደግሞ ቡልፔኑ ሲናድ ሉዛርዶንና ብሌክ ትራይነንን ከሌላ ወጣት ጋር ለኦክላንድ ሰጥቶ ሾን ዱሊትልንና ራያን ማድሰንን ወሰደ። ትራይነን በማግስቱ ዓመት በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ አንድ ነጥብ እንኳ ሳይሞላ የጨዋታውን መጨረሻ ከሚዘጉት የሊጉ ምርጥ ወርዋሪዎች አንዱ ሆነ።

ይህን ሁሉ ሰው ስትቆጥሩት ናሽናልስ ለሌሎች ቡድኖች አንድ ሙሉ የወርዋሪዎች ስብስብ አሳድጎ እንደሰጠ ታያላችሁ። ለምን? መቺ ስለጎደለው፣ ቡልፔኑ ስለተሸነቆረበት፣ ከሁሉም በላይ ግን የስታርተሮቹን ቦታ በሌላ መንገድ መሙላት ስለወሰነ ነው። ያ መንገድ ገንዘብ ነው።

ማክስ ሸርዘር በ2006 በአሪዞና የተመረጠ፣ በ2009 መጨረሻ ወደ ዲትሮይት የተለወጠ፣ በ2013 የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ ሽልማት የሆነውን ሳይ ያንግን የወሰደ ሰው ነው። ዲትሮይት በ2014 ለስድስት ዓመት 144 ሚሊዮን ዶላር ሲያቀርብለት እምቢ አለ፤ አንድ ዓመት በራሱ ክንድ ተወራረደ። በጃንዋሪ 2015 ናሽናልስ ለሰባት ዓመት 210 ሚሊዮን ዶላር ፈረመለት። የውሉ ነፍስ ግን ያለው በአከፋፈሉ ነው፤ ከገንዘቡ ግማሹ፣ 105 ሚሊዮን ዶላር፣ ተጫዋቹ በሚወረውርበት ጊዜ የሚከፈል ሳይሆን ከ2022 እስከ 2028 በየዓመቱ 15 ሚሊዮን ሆኖ የሚከፈል ነው። በተጨማሪም ቡድኑ በዚያ ዓመት ድራፍት የመጀመሪያውን ዙር ምርጫውን አጣ፤ በዚያን ጊዜ ሕጉ እንዲህ ያለ ፍሪ ኤጀንት የወሰደውን ቡድን ይቀጣ የነበረው በዚህ ነው። ስለዚህ ሦስቱን መንገዶች ለየብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ በአንዱ ስትገባ ሌላው ይጠብብሃል።

እዚህ ላይ ስለ ዕቁብ ላንሣ። በየወሩ እየጣልን ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ተቀብሎ ሱቁን ይከፍታል ወይም ታክሲውን ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ ግን ዕቁቡ እስኪያልቅ ድረስ መጣሉን አያቆምም፤ ታክሲው ቢገጭም፣ ሱቁ ቢከስርም ይጥላል። የናሽናልስ ውሎች የተሠሩት በዚህ መልክ ነው፤ ዛሬ ተቀብሎ ወደፊት መጣል። የሚለየው በአንድ ነገር ነው። በዕቁብ ዕጣው ይዋል ይደር እንጂ ለሁሉም ይደርሳል፤ በቤዝቦል ግን 30 ቡድን እየጣለ በዓመት አንዱ ብቻ ነው የሚደርሰው።

ሸርዘር በ2016ና በ2017 ሳይ ያንግን ለናሽናልስ ወሰደ፤ በአንድ ጨዋታ 20 መቺ አስወጣ፤ ቡድኑ ግን በ2014፣ በ2016ና በ2017 ወደ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ከመደበኛው ወቅት በኋላ ወደሚደረገው የዋንጫ ፍልሚያ፣ ገብቶ ሦስቱንም ጊዜ በመጀመሪያው የተከታታይ ጨዋታ ዙር ተሸነፈ። በ2018 መጨረሻ ከተማው ያሳደገው ኮከብ መቺ ብራይስ ሃርፐር ነፃ ወጣ፤ በኋላም ለ13 ዓመት በ330 ሚሊዮን ዶላር ለፊላደልፊያ ፈረመ። ብዙ ሰው አለቀሰ። ሪዞ ግን በዚያው ክረምት 140 ሚሊዮን ዶላር ለስድስት ዓመት ለወርዋሪው ለፓትሪክ ኮርቢን ሰጠ፤ ይህም እንደገና የድራፍት ምርጫዎችን አስከፈለው። ኮርቢን በ2009 ድራፍት፣ ስትራስበርግ አንደኛ በወጣበት፣ በ80ኛ ቁጥር በኤንጀልስ የተመረጠና ከዓመት በኋላ ወደ አሪዞና የተለወጠ ነው። ከእሱ ጋር አኒባል ሳንቼዝ ለሁለት ዓመት በ19 ሚሊዮን ዶላር ተፈረመለት፤ 34 ዓመት የሞላው ሰው፣ ከዓመት በፊት ሥራው ያበቃ መስሎ የነበረ፣ በዲትሮይት ከሸርዘር ጋር የወረወረ።

በ2019 ሜይ 23 ላይ ቡድኑ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር። ምክንያቱ ቡልፔኑ ነው፤ በወቅቱ መጨረሻ የተለዋጮቹ አማካይ በዘጠኝ ኢኒንግ 5.66 ነጥብ ሆኖ ከናሽናል ሊግ ቡድኖች ሁሉ የከፋ ነበር። ስታርተሮቹ ጨዋታውን እየመሩ ያስረክባሉ፣ ተለዋጮቹ ያፈሱታል። ያ ዓመት የትሬድ መዝጊያው ቀን አንድ ብቻ እንዲሆን የተወሰነበት የመጀመሪያው ዓመት ስለነበረ ከጁላይ 31 በኋላ እንደ ድሮው በኦገስት ማስተካከል አይቻልም። በመጨረሻው ቀን ሪዞ ሦስት ተለዋጮች አመጣ፤ ከእነሱ አንዱ ዳንኤል ሃድሰን ነው። ሃድሰን ሁለት ጊዜ ቶሚ ጆን የተደረገለት፣ በዚያው ዓመት ማርች ላይ ኤንጀልስ ያሰናበቱት፣ ከቶሮንቶ የመጣ ሰው ነው፤ የተከፈለበትም አንድ የታችኛው ሊግ ወጣት ብቻ ነው። ስለ መቶ ሚሊዮኖች ስንናገር ቆይተን እዚህ ላይ ልናርፍ ይገባል። የወርልድ ሲሪስ፣ ማለትም የዋንጫው የፍጻሜ ተከታታይ ጨዋታዎች፣ የመጨረሻ ኳስ ከማን እጅ እንደወጣች አሁን ትሰማላችሁ።

ቡድኑ አገግሞ 93 ጨዋታ አሸነፈ። በኦክቶበር አሠልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ማንም ሰው ያልጠበቀውን አደረገ፤ የሚያምናቸውን ስድስት ወርዋሪዎች፣ አራቱን ስታርተሮች፣ ዱሊትልንና ሃድሰንን፣ ብቻ ይዞ አብዛኛውን መንገድ ተጓዘ። ስታርተሮቹ ተራቸው ባልሆነበት ቀን እንደ ተለዋጭ ይገቡ ነበር። በሚልዋኪው የአንድ ቀን ፍልሚያ ሸርዘር አምስት ኢኒንግ ወርውሮ ስትራስበርግ ሦስት ተቀበለ። በድራፍትና በፍሪ ኤጀንት የተሰበሰበው የስታርተሮች ጥንካሬ በትሬድ ሊሞላ ያልቻለውን ጉድጓድ ሸፈነ ማለት ነው። ዶጀርስን 3 ለ 2፣ ካርዲናልስን 4 ለ 0 አሸነፉ፤ ከካርዲናልስ ጋር በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ ያ ያበቃ የመሰለው ሳንቼዝ እስከ ስምንተኛው ኢኒንግ ድረስ አንዲት ምት አላስመታም።

በወርልድ ሲሪስ የገጠማቸው ሂውስተን ነው፤ የሂውስተን ወርዋሪዎች የተሰበሰቡበት መንገድ ደግሞ ሌላ ነው። ጀስቲን ቨርላንደር በ2017 ከዲትሮይት፣ ጌሪት ኮል በ2018 ከፒትስበርግ፣ ዛክ ግሬንኪ በዚያው በጁላይ 31 ከአሪዞና፣ ሦስቱም በትሬድ የመጡ ናቸው። ሂውስተን ለዓመታት ተሸንፎ በድራፍት ከሰበሰባቸው ወጣቶች አንዳንዶቹን መግዣ አድርጎ ነበር። ሁለቱን ቡድኖች ጎን ለጎን ሳያቸው በትሬድ የታነፀ ስብስብ ከገንዘብ ከታነፀው ጋር ሲፋለም ነበር የታየኝ፤ ቨርላንደር፣ ሸርዘርና ሳንቼዝም በአንድ ወቅት በዲትሮይት አንድ ማሊያ ለብሰው አብረው ነበሩ። ሰባቱንም ጨዋታ ያሸነፈው በሰው ሜዳ የተጫወተው ቡድን ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም።

በአምስተኛው ጨዋታ ሸርዘር አንገቱ ተቆልፎ ከአልጋው መነሣት አቃተው፤ በምትኩ ጆ ሮስ ገባ፣ ተሸነፉ። በስድስተኛው ስትራስበርግ ሂውስተን ላይ ስምንት ኢኒንግ አልፎ ወረወረ፣ 7 ለ 2 አሸነፉ። በዚያ የኦክቶበር ወር አምስት አሸንፎ አንድም ያልተሸነፈው፣ የወርልድ ሲሪሱ ምርጥ ተጫዋች የተባለው እሱ ነው፤ በ2012 ክንዱ እንዲያርፍ የተደረገው ልጅ። ኦክቶበር 30 በሰባተኛው ጨዋታ ሸርዘር ከሦስት ቀን በፊት ቀና ማለት ባልቻለ አንገቱ አምስት ኢኒንግ ወረወረ፤ ኮርቢን ከተለዋጮቹ ጋር ተቀምጦ ቆይቶ ሦስት ኢኒንግ ያለ አንዲት ነጥብ ጨረሰ፤ በዘጠነኛው ሃድሰን ማይክል ብራንትሊን አስወጣና ጓንቱን ወረወረ። 6 ለ 2። ያን ሌሊት በዩ ስትሪት መኪናዬን አቁሜ የማላውቃቸውን ሰዎች አቅፌያለሁ።

ከዚያ በኋላ መጣል ተጀመረ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ስትራስበርግ ለሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር ተፈረመለት፤ ከዚያ በኋላ የወረወረው በጠቅላላው ስምንት ጨዋታ፣ ያሸነፈውም አንድ ጨዋታ ነው። በእጅ ነርቭና ደም ሥር ላይ የሚጫን የአንገትና የትከሻ አካባቢ ሕመም ቀዶ ጥገና አስፈልጎት አልዳነም፤ በ2024 ከጨዋታ መሰናበቱ ተገለጸ። ኮርቢን በ2021 16 ጨዋታ፣ በ2022 19 ጨዋታ ተሸነፈ። በ2021 ጁላይ ሸርዘር ከተርነር ጋር ለዶጀርስ ተሰጠ፤ በምትካቸው ከመጡት አንዱ ወርዋሪው ጆሳያ ግሬይ በ2023 ለሊጉ የከዋክብት ጨዋታ ተመርጦ በ2024 በዚያው በክርን ጅማት ሰበብ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በ2022 ቡድኑ 107 ጊዜ ተሸንፎ መጨረሻ ሲወጣ ኮከብ መቺውን ሁዋን ሶቶን ለሳን ዲዬጎ ሰጥቶ ወርዋሪውን ማኬንዚ ጎርንና ሌሎች ወጣቶች ተቀበለ። ክቡ ወደ 2008 ተመለሰ ማለት ነው፤ ሪዞና ማርቲኔዝም በ2025 ጁላይ ተሰናበቱ።

ከጓደኞቼ ብዙዎቹ የስትራስበርግን ውል እንደ ትልቁ ጥፋት ያነሣሉ። እኔ አልስማማም። ትልቁ ጥፋት የድራፍቱ መንገድ ለዓመታት መንጠፉ ነው፤ ስትራስበርግ ሲወድቅ የሚተካው ልጅ በቤት ውስጥ አልነበረም፤ የነበሩት በቺካጎና በኦክላንድ ይወረውሩ ነበር። ፌዲ እንኳ በ2022 መጨረሻ ከተለቀቀ በኋላ ደቡብ ኮሪያ ሄዶ በ2023 የሊጉ ኮከብ ሆነ። ውሉ ቢቀር፣ ያ ገንዘብ በማን ላይ ይውል ነበር? ኮርቢንን በተመለከተ ደግሞ በስታዲየሙ ሲጮኽበት ስሰማ አዝን ነበር። በአምስት ቀን አንድ ጊዜ፣ ክንዱ እንደማይታዘዘው እያወቀ፣ ቡድኑ ሌላ የሚያሰልፈው ሰው ስለሌለው በጉብታዋ ላይ እየቆመ የውሉን ዓመታት በሙሉ ጨረሰ። እነዚያ በሂውስተን የወረወራቸው ሦስት ኢኒንጎች ለእኔ ብቻቸውን 140 ሚሊዮኑን ያወጣሉ።

ባለፈው ኖቬምበር፣ በ2025ቱ ወርልድ ሲሪስ ሰባተኛ ጨዋታ፣ ለቶሮንቶ የወረወረው ስታርተር ማክስ ሸርዘር ነበር፤ 41 ዓመቱ። በ2019 ገና የስድስት ዓመት ሕፃን የነበረው ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ፣ «አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ የእኛ ነበር፤ አሁንም የሚከፍለው ዋሽንግተን ነው የሚባለው እውነት ነው?» አለኝ። እውነት ነው አልኩት። 2026፣ 2027ና 2028 ይቀራሉ፤ በየዓመቱ 15 ሚሊዮን። «ለምን?» ሲለኝ እናቱ በየወሩ መጨረሻ ለዕቁብ ጸሐፊዋ የምትልከውን ገንዘብና በዚያ ዕቁብ ከሦስት ዓመት በፊት የገዛነውን መኪና አሳየሁት። መኪናው በር ላይ ቆሟል፤ ትንሽ ተላልጧል፤ እኛም አሁንም እየጣልን ነው።